ቆሽት ኢንሱሊን በደንብ ማመንጨቱን በስኳር ውሃ መፈተን

ብዙ ሰው የስኳር ምርመራ ሲታዘዝለት መጀመሪያ የሚያደርገው ዳቦና እንጀራ መተው ነው። ለዚህ ምርመራ ግን ይሄ ጭራሽ አይሆንም። ቆሽት ለቀናት ሥራ ፈትቶ ሰንብቶ ድንገት 75 ግራም ግሉኮስ ሲወርድበት ይዘገያል፣ ጤነኛውም ሰው የታመመ ይመስላል። ስለዚህ ቀደም ያሉትን 3 ቀናት እንደ ወትሯችሁ ብሉ። በቀን ቢያንስ 150 ግራም ካርቦሃይድሬት ይፈለጋል፤ እንጀራ ለሚበላ ሰው ምንም አይደል። ፕሬድኒሶሎን (ስኳር ከፍ የሚያደርግ የስቴሮይድ መድኃኒት) የምትወስዱ ለሐኪሙ ንገሩ።

ከምርመራው በፊት ከ8 እስከ 14 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም የለም። ስኳር የሌለው ቡናም ይቆይ። ጠዋት መጀመሪያ ደም ይቀዳል፣ ከዚያ ግሉኮሱ በ300 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ተበጥብጦ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይጠጣል። ያቅለሸልሻል። ካስመለሳችሁ አትደብቁ፣ ሌላ ቀን ይደገማል። ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፤ «ሱቅ ደርሼ ልምጣ» አይሠራም፣ ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ስኳሩን ይጠቀምበታል።

ግሉኮሱ ከተጠጣ ከ2 ሰዓት በኋላ የደም ስኳር በዴሲ ሊትር ከ140 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ደህና ነው፣ 200 እና ከዚያ በላይ ስኳር በሽታ ነው፣ መሃሉ ማስጠንቀቂያ። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። የቆሽትን ጉልበት ማወቅ ከፈለጋችሁ ግን ቁም ነገሩ 30ኛው ደቂቃ ላይ ነው። በባዶ ሆድና በ30 ደቂቃ ስኳርም ኢንሱሊንም ይለካ፤ ከዚያ የኢንሱሊኑን ጭማሪ ለስኳሩ ጭማሪ አካፍሉት።

ለምሳሌ የአንዱ ስኳር ከ90 ወደ 150፣ ኢንሱሊኑ ከ6 ወደ 36 ወጣ እንበል። 30 ለ60፣ 0.5 ነው። የሌላኛው ስኳር ከ90 ወደ 170 ሲወጣ ኢንሱሊኑ ከ6 ተነስቶ 18 ላይ ቀረ። 12 ለ80፣ 0.15። ሁለቱም በ2 ሰዓት ከ140 በታች ሊገኙ ይችላሉ፤ የሁለተኛው ቆሽት ግን ዘግይቶ ነው የነቃው። ቸኩላችሁ አትፍረዱ እንጂ፤ ሰውነቱ ለኢንሱሊን ፈጥኖ የሚታዘዝ ቀጭን ሰው ትንሽም ይበቃዋል፣ ወፍራም ሰው ደግሞ ብዙ እያመነጨም ሊያጥረው ይችላል።

ለላቦራቶሪ ልጆች አንድ ነገር፦ ቀይ የደም ሕዋሳት ከፈነዱ ኢንሱሊኑ ዝቅ ብሎ ይነበባል፣ ናሙናውን በረዶ ላይ አድርጋችሁ ቶሎ አሽከርክሩት። ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ደግሞ ሲ-ፔፕታይድ (ቆሽት ኢንሱሊን ሲሠራ አብሮ የሚለቀው ቁራጭ) ይለካለት፤ መርፌው ውስጥ የለም፣ የሚመጣው ከራሱ ቆሽት ብቻ ነው።