ፎቶው ደብዝዞ ሲወጣ፦ የአውቶፎከስ ችግሮች፣ መንስኤዎችና መፍትሄዎች

ፎቶ ሲደበዝዝ ሌንሱን ከመውቀሳችን በፊት ምስሉን በካሜራው ስክሪን ላይ አጉልተን ልንመረምረው ይገባል። የሰውየው ፊት ደብዝዞ ከኋላው ያለው ግድግዳ ከጠራ ችግሩ የፎከስ ነው፤ አውቶፎከሱ፣ ማለትም ካሜራው በራሱ ፎከስ የሚይዝበት ዘዴ፣ ቦታ ስቷል። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ የተጎተተ ከመሰለ ግን ካሜራው በእጃችን ተንቀሳቅሷል፤ የሚንቀሳቀሰው ብቻ ከተጎተተ ደግሞ የሹተር ፍጥነቱ (ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚዘጋበት ፍጥነት) አንሷል። እነዚህን ሁለቱን ምንም ዓይነት የፎከስ ምርጫ አያስተካክላቸውም።

በሰርግ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ሙሽሮቹ ደብዝዘው ከፊታቸው ያለው አበባ ጠርቶ መውጣቱ ነው። የፎከስ ነጥቡን (ካሜራው ፎከስ የሚይዝበትን ቦታ) ምርጫ ለካሜራው ስንተውለት አብዛኛውን ጊዜ በቅርብ ያለውንና ጎልቶ የሚታየውን ነገር ይይዛል። መፍትሄው አንድ ነጥብ ብቻ መርጦ ለካሜራው በሚቀርበው ዓይን ላይ ማሳረፍ ነው፤ ዓይን የሚለዩ አዳዲስ ካሜራዎች ይህን በራሳቸው ይሠሩታል። በመሃለኛው ነጥብ ዓይኑን ይዞ ካሜራውን ዞር አድርጎ ማንሳት የተለመደ ቢሆንም፣ በፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው) ካሜራ፣ በ50 ሚሊሜትር ሌንስና በኤፍ 1.8 (የሌንሱ ቀዳዳ በሰፊው ተከፍቶ)፣ ከ1.5 ሜትር ርቀት ስናነሳ ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት 10 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ያ መዞር ፎከሱን ከዓይን ወደ ጆሮ ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ነጥቡን ራሱን ማንቀሳቀስ ይሻላል።

ወደ እኛ የሚመጣን ሯጭ በተከታታይ አንስተን የመጀመሪያው ፎቶ ብቻ ከጠራ፣ ካሜራው ያለው ርቀቱን አንድ ጊዜ ለክቶ በሚቆልፈው ሞድ ላይ ነው። ያ ሞድ ለቆመ ሰው፣ ለሕንጻና ለመልክዓ ምድር የሚስማማ ነው። ለሚንቀሳቀስ ነገር በካኖን ሰርቮ፣ በኒኮንና በሶኒ ኤኤፍ-ሲ የሚባለውን ተከታታይ ፎከስ መምረጥ ያስፈልጋል፤ አንድ ነጥብ ከሯጩ ደረት ላይ በቀላሉ ስለሚያመልጥም በጥቂት ነጥቦች የተሰባሰበ ቡድን ይመረጣል። ቋሚውንና ተንቀሳቃሹን ካሜራው ራሱ እንዲለይ የሚተወውን ሞድ አልመክርም፤ ሯጩ መንቀሳቀሱን ዘግይቶ ሊረዳ ይችላልና።

እስክስታ ግን ከሩጫ ይለያል። ትከሻው እጅግ ቢፈጥንም ተወዛዋዡ ባለበት ቆሞ ሲወዛወዝ ከእኛ ያለው ርቀት ብዙም አይለወጥም፤ በመሆኑም አንድ ነጥብ ፊቱ ላይ አሳርፎ የሹተር ፍጥነቱን ወደ 1/500 ሰከንድ ማሳደግ ይበልጥ ይጠቅማል።

ሌንሱ ወደፊትና ወደኋላ እየተመላለሰ ፎከስ አልይዝ ሲል፣ ነጥቡ ያረፈው ልዩነት በሌለው ገጽ ላይ ሊሆን ይችላል። ደብዘዝ ባለ ብርሃን ነጭ ነጠላ ለአውቶፎከስ ባዶ ወረቀት ነው፤ ነጥቡን ጥለቱ ከነጩ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ያሳርፉት። ስኒ ወይም ቀለበት በቅርብ ሲያነሱ ከሆነ ደግሞ ወደኋላ ይበሉ፤ ለምሳሌ የካኖን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ሌንስ ከ35 ሴንቲሜትር በታች ፎከስ አይዝም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም በዲኤስኤልአር ካሜራ (በውስጡ ባለ መስታወት አማካኝነት በመመልከቻ ቀዳዳ የሚታይበት) ፎከሱ ሁልጊዜ ከተፈለገው ቦታ ኋላ ወይም ፊት ካረፈ፣ ካሜራውን በትራይፖድ አቁመው የማይንቀሳቀስ ነገር አንዴ በመመልከቻ ቀዳዳው፣ አንዴ በስክሪኑ በኩል ፎከስ አድርገው ያንሱ። በስክሪኑ የተነሳው ብቻ ከጠራ የካሜራውና የሌንሱ ልኬት አልተጣጣመም ማለት ነው፤ በሜኑው ውስጥ የፎከስ ማስተካከያ ካለ ጥቂት በጥቂት እየቀየሩ ይሞክሩ፣ ከሌለ ሁለቱንም አብረው ለጠጋኝ ይስጡ።