የአሮጌ መኪና ቴፕ ሲያፏጭ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሞተር ሳይነሳ ቴፑ ጥርት ብሎ ይዘፍናል። ቁልፉ ዞሮ ሞተሩ ሲነሳ ግን “ዊይይይ” ይጀምራል፣ ነዳጅ ስትረግጡ ፉጨቱም አብሮ እየቀጠነ ይሄዳል። ቆየት ያለች ኮሮላ ያለው ሰው ይህን ድምፅ በደንብ ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ስህተት ቴፑን መቀየር ነው። እኔም ቀይሬ ነበር፤ አዲሱም ገና በዚያው ቀን ያንኑ ፉጨት ለቀቀው። ጫጫታው የሚገባው በሽቦ ከሆነ ቴፕ ብትለዋውጡ ለውጥ የለውም። ብር ከማውጣታችሁ በፊት ጆሯችሁን ስጡት። ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚቀጥን ፉጨት ብዙ ጊዜ ከዲናሞ ነው የሚነሳው። ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ካንዴላውንና ገመዶቹን እዩ። ቀጥሎ ቮልዩሙን ዜሮ አድርጉት፤ ፉጨቱ አብሮ ከጠፋ የሚገባው በአንቴና ወይም በኦክስ ገመድ (ስልክን ከቴፑ ጋር በሚያገናኘው) በኩል ነው፣ ካልጠፋ ደግሞ ፊታችሁን ወደ ኤሌክትሪክ መስመሩና ወደ ማሳው (ከመኪናው ብረት ጋር ወደሚታሰረው የኔጌቲቭ ሽቦ) አዙሩ።

ማሳ ስል፣ ከሁሉም በላይ የሚናቀው እሱ ነው። ጥቁሩን ሽቦ ክሩስኮት (ዳሽቦርድ) ስር በተገኘው ብሎን አስሮ መሄድ ተለምዷል። የኔን ስፈታው ብሎኑ የታሰረው ቀለም ላይ ነው፣ ከስሩም ዝገት አለ። ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በካርታቢትራ (በብርጭቆ ወረቀት) ፈገፈግኩት፣ አዲስ ሮንዴላ አስገብቼ አጠበቅኩት። ግማሹ ፉጨት እዚያው ጠፋ።

የቀረው ግማሽ ከስልክ ቻርጀር ነበር። ስልኩን በሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ ቻርጅ እያደረጉ በኦክስ ሙዚቃ መስማት የተለመደ ነው። ችግሩ ቻርጀሩና ቴፑ ማሳቸው የተለያየ ቦታ ላይ ሆኖ በስልኩ በኩል ሲገናኙ፣ የዲናሞው ጫጫታ የሚዞርበት መንገድ ያገኛል። ቻርጀሩን ንቀሉትና ስሙ። ወዲያው ዝም ካለ ኦክሱ መሃል የሚገባ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር (ድምፁን አሳልፎ የማሳውን ግንኙነት የሚቆርጥ ትንሽ ዕቃ) ይበቃችኋል።

ዲናሞውን ሳይለኩ ማስፈታትም ስህተት ነው። ሞተሩ እየሠራ ቴስተሩን ባትሪው ላይ አድርጉ፣ 14 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ከዚያ ቴስተሩን ወደ ኤሲ (ተለዋዋጭ ቮልቴጅ) መለኪያው አዙሩት። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ የዲናሞው ዳዮድ (ተለዋዋጩን ወደ ቀጥታ ኮረንት የሚቀይረው ክፍል) ያጠራጥራል።

አሁን የሚያናድደኝ ነገር፦ ፊውዝ ሲቃጠል በ10 አምፔር ቦታ 30 መሰካት፣ ወይም የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መወተፍ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! ፊውዙ አልቃጠል ሲል የሚቃጠለው ሽቦው ነው፣ እሱ ደግሞ ያለው ከምንጣፉና ከፕላስቲኩ ስር፣ እናንተና ልጆቻችሁ ከተቀመጣችሁበት አጠገብ ነው። ፊውዝ ደጋግሞ ከሄደ ብዙ ጊዜ የሆነ ቦታ የተላጠ ሽቦ ቦዲ እየነካ ነው። ፈልጉት። ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ (በኤሌክትሪክ ፕላስተር) ብቻ መጠቅለልም እንዲሁ፤ ሙቀት ሲበዛ ሙጫው ይለቃል፣ በስታኞ ይበየድ።

በጣም የቆዩ መኪኖች ላይ የስፒከሩ ኔጌቲቭ በቦዲ በኩል የተሠራ ይኖራል። ዛሬ የሚሸጡ ቴፖች ይህን አይወዱም፣ ውስጣቸው ያለው ማጉያ ሊቃጠል ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ስፒከር የራሱን ሁለት ሽቦ አስዘርጉ። ቴፑ መኪናው በጠፋ ቁጥር ጣቢያዎቹን ከረሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቢጫውና ቀዩ ሽቦ ተለዋውጠዋል። ቢጫው ሁልጊዜ ከባትሪ፣ ቀዩ በቁልፍ።

አንድ የቀረኝ፣ ብልሽት ያልሆነውን እንደ ብልሽት ማስጠገን። ለጃፓን ገበያ የተሠራ የቆየ ራዲዮ ኤፍኤሙ ከ76 እስከ 90 ብቻ ነው የሚሄደው፤ ሸገር 102.1ን አይዝላችሁም፣ አንቴና ብትቀይሩም ለውጥ የለውም። የሚያስፈልገው አንቴናው ላይ የሚገባ ባንድ ኤክስፓንደር (ጣቢያዎቹን ራዲዮው ወደሚይዘው ቁጥር የሚያወርድ ዕቃ) ነው። የእሷም ማሳ ንጹህ ብረት ላይ ይታሰር፣ አለዚያ ፉጨቱ ይመለሳል። በ20 የምትቀንሰውን ዓይነት ካስገባችሁ ሸገርን 82.1 ላይ ፈልጉት።