ፓርቲ በአንድ አካባቢ ድጋፍ ሲያጣ ምክንያቱ እንዴት ይፈለጋል? ለባሕር ዳርና ለጣና ዳርቻ የሚሆን መመሪያ

በግንቦት 2007 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን 547 መቀመጫ አንድም ሳያስቀሩ ወሰዱ። ዓመት ከሦስት ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2008፣ የባሕር ዳር ጎዳና በተቃዋሚ ሰልፈኛ ተጥለቀለቀ፤ ብዙ ሰውም ሞተ። ያ ሁሉ ቅሬታ በአንድ ዓመት አልበቀለም። መቀመጫ ብቻ ሲቆጠር ስለነበር አልታየም እንጂ ድጋፉ ቀድሞ ሄዷል። ስለዚህ «እዚህ ለምን ተሸነፍን?» ወይም «ያ ፓርቲ እዚህ ለምን ወደቀ?» ብሎ የሚነሳ ሰው ሥራውን ከመቀመጫ አይጀምር። የእኛ ምርጫ በአብላጫ ድምፅ ነው፤ በአንድ ድምፅ የበለጠም በአሥር ሺህ የበለጠም የሚያገኘው ያንኑ አንድ ወንበር ነው።

መጀመሪያ የሁለት ተከታታይ ምርጫዎችን የጣቢያ ውጤት ሰብስቡ። የምርጫ ክልል ድምር አይበቃም። በጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን ውጤት ፎቶ ያነሳ ሰው ካለ ከእሱ፣ ካልሆነ የፓርቲ ወኪሎች ከያዙት ቅጂ ውሰዱ። ከእያንዳንዱ ጣቢያ አራት ቁጥር ያስፈልጋችኋል፦ የተመዘገበ፣ ድምፅ የሰጠ፣ ዋጋ አልባ ድምፅ፣ ፓርቲው ያገኘው። አንዱ ከጎደለ ያንን ጣቢያ ለብቻው አስቀምጡት፤ በግምት አትሙሉት።

አራቱ ቁጥሮች ምን እንደሚናገሩ በምሳሌ እንይ። ቁጥሩ ለስሌት ብቻ የተቀመጠ ነው። በመጀመሪያው ምርጫ 1200 ሰው ተመዘገበ፣ 1020 ድምፅ ሰጠ፣ 40 ዋጋ አልባ ሆነ፣ ፓርቲው 588 አገኘ። ዋጋ ካለው 980 ድምፅ 60 በመቶ ማለት ነው። በሁለተኛው 800 ተመዘገበ፣ 600 ድምፅ ሰጠ፣ 60 ዋጋ አልባ ሆነ፣ ፓርቲው 324 አገኘ። ከ540ው አሁንም 60 በመቶ ነው። ሪፖርቱ «ድጋፋችን እንዳለ ነው» ይላል። ግን 264 ድምፅ የለም፤ 400 ሰው ከመዝገቡ ወጥቷል፤ ዋጋ አልባው ከመቶ 4 ወደ 10 አድጓል። እነዚህ ሰዎች ወደ ሌላ ፓርቲ አልሄዱም፤ ቤታቸው ቀርተዋል። ለተቀናቃኝ የሄደ መራጭና ቤቱ የቀረ መራጭ ሕመማቸው የተለያየ ነው። የመጀመሪያው የተሻለ አማራጭ አግኝቷል፤ ሁለተኛው ካርዱ ምንም እንደማይለውጥ ደምድሟል። ብዙ የፓርቲ ግምገማ የሚበላሸው ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቆ ስለሚያይ ነው።

እዚያው ጣቢያ ላይ የአባላት መዝገቡን አምጥታችሁ አስተያዩ። መዝገቡ 400 አባል እያለ ሳጥኑ 324 ድምፅ ከሰጠ ችግሩ ከመራጩ በፊት አባሉ ጋ ነው። ለሥራ፣ ለማዳበሪያ፣ ለሱቅ ፈቃድ ሲል የተመዘገበ፣ መዋጮውም ከደመወዙ የሚቆረጥ ሰው ደጋፊ ተብሎ አይቆጠርም።

በባሕር ዳር ስሌቱን የሚያምሰው ሌላው ነገር የቦታ ስም ነው። በላይ ዘለቀ፣ ግሽ ዓባይ፣ ፋሲሎ፣ ጣና ቀድሞ የቀበሌ ስሞች ነበሩ፤ ዛሬ የክፍለ ከተማ ስሞች ናቸው። ስሙ አንድ ቢሆንም ወሰኑ ሌላ ነው። በስም ብቻ ያነጻጸረ ሰው የሌለ ጭማሪ ወይም የሌለ ውድቀት ያገኛል። ጣቢያው የተተከለበትን ትምህርት ቤት ወይም አዳራሽ በካርታ ላይ ምልክት አድርጉ፤ በዚያ አዛምዱ። ዘጌን፣ መሸንቲንና ጢስ ዓባይንም ከመሀል ከተማው ጋር አትደምሩ። በአንድ አስተዳደር ሥር ቢሆኑም የዘጌ ቡና አምራችና የፋሲሎ ነጋዴ የሚያማርሩት አንድ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ማጣሪያ ቀላል ነው፤ ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ተመሳሳይ ሰንጠረዥ ለጎንደር፣ ለደብረ ታቦርና ለደሴ ሥሩ። ውድቀቱ በሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ መነሻውን ባሕር ዳር ላይ አትፈልጉት። በሐይቁ ዳርቻ ብቻ ከበረታ ግን የዳርቻው ነገር ይመርመር፦ ከ2004 ገደማ ጀምሮ ሐይቁን የወረረው እምቦጭ፣ ለሆቴልና ለመዝናኛ የሚሰጥ የዳርቻ መሬት፣ ከዓሣውና ከደንገሉ የራቀው ታንኳ ሠሪ። እምቦጭ ደሴ ላይ ለወደቀ ድምፅ ምክንያት አይሆንም።

የዕጩውን ድርሻ ከፓርቲው ለመለየት ደግሞ የክልሉን ምክር ቤት ውጤት ተጠቀሙ። የአማራ ክልል 138 የምርጫ ክልሎች ሲኖሩት የክልሉ ምክር ቤት 294 መቀመጫ አለው፤ ስለዚህ አንድ ፓርቲ በአንድ ቦታ ከአንድ በላይ ዕጩ ያቀርባል። በአንድ ጣቢያ አንዱ ዕጩ 500፣ የዚያው ፓርቲ ሌላ ዕጩ 380 ካገኘ የ120ው ልዩነት የፓርቲው አይደለም። አካባቢው የማያውቀው፣ ከላይ ተመድቦ የመጣ ዕጩ ሊሆን ይችላል።

ወደ ሰው መሄድ ከዚህ በኋላ ነው። 15 ጣቢያ ምረጡ፦ 5 በጣም የወረደ፣ 5 በመጠኑ የወረደ፣ 5 ያልወረደ። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ሳትነኩ አቆዩ፤ በኋላ ይፈለጋሉ። በቀሩት 12 ጣቢያዎች ከየአንዳንዱ 8 ሰው አነጋግሩ፤ ቢያንስ 4ቱ ሴቶች ይሁኑ፣ ባሎቻቸው በሌሉበት። ሰኔና ሐምሌ ገበሬው እርሻ ላይ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ወይም ከቅዳሴ በኋላ ይገኛል። የሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫ ሰኞ ዕለት፣ በእርሻ ወቅት እንደተካሄደ፣ የ1997ቱ ደግሞ በግንቦት እሑድ እንደነበር ተሳታፊ ስታነጻጽሩ አትርሱ።

የቀበሌ አመራር ይዛችሁ አትሂዱ። እሱ ባለበት መልሱ «ሁሉም ደህና ነው» ነው፤ እውነት መስሎ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። «ማንን መረጡ?» ተብሎም አይጠየቅም። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «እናቴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ቀበሌ የሄዱት ለምን ጉዳይ ነበር? ምን ተባሉ? ስንት ቀን ተመላለሱ?» ከዚያም «ስብሰባ መሄድ ያቆሙት መቼ ነው?»። «እነሱ ያውቃሉ» ወይም «ሆድ ይፍጀው» ከተባላችሁ በሩ ተዘግቷልና አትግፉ። ቃሉን እንዳለ ጻፉ፤ እሱም መልስ ነው።

ጊዜውን ለማወቅ ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ። «ከኮሮና በፊት ነው በኋላ? አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከመመረቁ በፊት ነው በኋላ?» በሉ። ድልድዩ የተመረቀው ግንቦት 2016 ነው። ግጭትን እንደ ጊዜ መለያ አታንሱ፤ ሰውን ያስፈራል። ምክንያት የሚባለው ነገር ሰዉ ከራቀበት ጊዜ በኋላ የተፈጠረ ከሆነ ምክንያት አይደለም። በ2015 የክረምት መግቢያ የታየው የማዳበሪያ እጥረት ገበሬውን ክፉኛ አስቆጥቷል፤ ግን በ2011 ስብሰባ መሄድ ያቆመን ሰው አያስረዳም።

ስም፣ ስልክና የቤት ቁጥር በማስታወሻችሁ ላይ አይኑር፤ ድምፅም አትቅረጹ። «ጣ3፣ ሴት፣ 40ዎቹ» ይበቃል። ክልሉ ከ2015 ወዲህ ባለበት ሁኔታ አንድ ደብተር በተሳሳተ እጅ ቢወድቅ የሰው ሕይወት ያጠፋል። መጠየቅ የማይቻልበት ሰፈር ካለ ተውት፤ ሰንጠረዡ ብቻ ይበቃዋል።

መልሶቹን ስትለዩ አራት ክምር ይበቃል፦ ያልተፈጸመ አገልግሎት፣ የተነፈገ ካሳ ወይም መሬት፣ «ማን ይወክለናል» የሚለው የደኅንነትና የማንነት ጥያቄ፣ የግለሰብ አመራር በደል። ሦስተኛው ክምር ከተቆለለ አስፋልትና ድልድይ አይመልሱትም። የክልሉ ገዢ ፓርቲ የነበረው ብአዴን በ2011 አዴፓ ሲባል፣ በ2012ም ወደ ብልፅግና ሲቀልጥ የተነሳው ክርክር በአብዛኛው የውክልና እንጂ የመንገድ አልነበረም። በሰንጠረዡ ላይም የፓርቲውን ስም በየዘመኑ እንደነበረ ጻፉ፤ በአንድ ስም አትጠቅልሉት።

አሁን ያቆያችኋቸውን ሦስት ጣቢያዎች አውጡ። ውጤታቸውን ሳታዩ፣ ያገኛችሁት ምክንያት እውነት ከሆነ እያንዳንዱ ጣቢያ ምን ያህል መውረድ እንዳለበት በወረቀት ጻፉ፤ ከዚያ ቁጥሩን ክፈቱ። ሁለቱ ከሳቱ ሪፖርቱን ለማንም አትስጡ፤ ወደ 12ቱ ጣቢያዎች ተመለሱ።