እናት ለልጇ የአስታማሚ ደመወዝ ስትከፍል

አሜሪካ ሆናችሁ ወላጅ ቤት ውስጥ ለምታስታምሙ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ብቻ ከሆነ ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) አይከፍልም፤ ተስፋው ሜዲኬይድ (ገቢና ንብረታቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የሚከፍለው የመንግሥት መድን) ነው። ችግሩ፣ ሜዲኬይድ ሲጠየቅ በአብዛኞቹ ስቴቶች ገንዘብ ለሰው ተሰጥቶ እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላ የ60 ወር የባንክ ወረቀት ይገላበጣል። ሥራዋን ትታ ለምታስታምማት እህታችሁ እናታችሁ ከቁጠባዋ የሰጠቻት ገንዘብ፣ የጽሑፍ ውል ከሌለው እንደ ስጦታ ሊቆጠርና የእናታችሁ የሜዲኬይድ እርዳታ ሊዘገይ ይችላል። "በእናትና በልጅ መካከል ደግሞ ምን ውል ያስፈልጋል!" እኛም ብለን ነበር።

ክፍያው ሳይጀመር ተፈራረሙ፦ ምን እንደምትሠራ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በሰዓት ስንት (ከአካባቢው ዋጋ ሳይበልጥ)። ላለፈው ወር ብሎ ወደ ኋላ መክፈል ጣጣ ያመጣል። ጥሬ ገንዘብ ይቅርና በቼክ ይሁን። እኛ ቤት ፍሪጁ አጠገብ ደብተር ተንጠልጥሏል፤ እህቴ "ማክሰኞ፣ ከ2 እስከ 6 ሰዓት፣ ገላ፣ መድኃኒት፣ ክሊኒክ" ብላ ትጽፋለች። እናቴ "የሱቅ ዱቤ ነው እንዴ?" እያለች ትስቃለች። ለእህታችሁ ገቢ ስለሆነ ታክስ ስትሞላ ታስገባው። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ግን የስቴታችሁን የሜዲኬይድ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይየው።