ኦይል ሲሉን ከመቀየራችሁ በፊት ግፊቱን ፈልጉ

መኪናው ናፍጣ ፒካፕ ነው። ቱርቦው፣ ማለትም አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው፣ በትልቅ ተቀይሯል፣ ጭስ ማውጫው ሰፍቷል፣ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦም ዘይት ወደሚያጠራቅም ጣሳ ተዘዋውሯል። ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት ቦታ ዘይት ይንጠባጠባል። ካምቢዮ አወረድኩ፣ የኋላውን ኦይል ሲል፣ ዘንጉ ከሞተሩ በሚወጣበት ዘይት የሚያግደውን ቀለበት፣ ቀየርኩ። ወር ሳይሞላው ያው ጠብታ። እንደገና ካምቢዮ ወረደ፣ ሁለተኛው ሲል ገባ፣ እሱም አፈሰሰ። ሦስተኛውን ልገዛ ስል ነው መተንፈሻ ቱቦው ከኢንተርኩለሩ (የቱርቦውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ቧንቧ ስር ተጣጥፎ ያየሁት። ሲሉ ምንም አልነበረውም። ሞተሩ መተንፈሻ አጥቶ በደከመው በኩል እየተፋ ነበር።

ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ መኪና ሲያፈስ የሲሉ ጎማ አርጅቶ ይሆናል ብሎ መነሳት ያስኬዳል። የተነካካ መኪና ሲያፈስ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ተነካ የሚለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነዳጁ ሲነድ ጥቂት ጋዝ በፒስተኑ ፋሻዎች (ፒስተኑን በከበቡት ቀለበቶች) አልፎ ወደ ኮፓው፣ ከታች ዘይቱ ወደሚጠራቀምበት፣ ይወርዳል። ጤነኛ ሞተርም ላይ ያለ ነው፣ በመተንፈሻው ይወጣል። የቱርቦውን ግፊት ስትጨምሩ የሚያልፈው ጋዝም ይጨምራል፣ ቱቦው ግን ያው ቱቦ ነው፣ ወይም ይባስ ብሎ በቀጭን ተቀይሯል። መውጫ ያጣ ግፊት ደግሞ ከሁሉም የሳሳውን ሲል ይመርጣል።

ሙከራው ቀላል ነው። ሞተሩን አሙቁና በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳትሰጡት፣ ይሥራ። የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቱና ሳታነሱት እዛው ላይ አስቀምጡት። ናፍጣ ሞተር ላይ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ አይግረማችሁ። እየዘለለ ከወደቀ፣ ወይም ቀዳዳው እንደፈላ ማንቆርቆሪያ ከተነፈሰ ግን ውስጥ ግፊት አለ። አሁን መተንፈሻ ቱቦውን ከሞተሩ ላይ ነቅላችሁ ድገሙት። ረገብ ካለ ጥፋቱ ቱቦው ወይም ጣሳው ነው። ካልረገበ ወደ ፋሻና ሲሊንደር እየሄድን ነው፣ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር ሲጨምቅ የሚፈጥረውን ግፊት) መለካት ግድ ይሆናል። እኔ ይህን ሙከራ መጀመሪያ አድርጌው ቢሆን ኖሮ ካምቢዮ ሁለት ጊዜ አላወርድም ነበር፣ እሱ አሁንም ያናድደኛል።

ከዚያ ዘይቱ በትክክል ከየት እንደሚመጣ መለየት ነው። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድ ንፋሱ ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ያፈሰሰው ቦታ ጠብታው ካለበት ብዙ ጊዜ ከፍ ያለና ወደ ፊት የቀረበ ነው። ሞተሩ አናት ላይ ካለው ከቫልቮላው ሽፋን የሚወርድ ዘይት የሞተሩን ጀርባ ተከትሎ መጥቶ ቁርጥ የኋላ ኦይል ሲል ይመስላል። ሞተሩን በቅባት ማስለቀቂያ አጥባችሁ በደንብ አድርቁት፣ የሚጠረጠረውን ቦታ የሕፃናት ዱቄት ነፋ ነፋ አድርጉበት፣ ከዚያ 15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ተመለሱና በባትሪ ብርሃን እዩት። ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ይሠራል፣ መስመሩን ወደ ላይ መከተል ብቻ ነው። ጠብታውንም በጣት አሽታችሁ አሽትቱት። ድኝ ድኝ የሚል ከሆነ የካምቢዮ ዘይት ነው፣ ሞተሩን በነገር አትጨቅጭቁት። ስር ስትገቡ በክሪክ ብቻ አትተማመኑ፣ ማስቆሚያ አስገቡበት።

ቱርቦ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ቱርቦ ውስጥ ያለው መዝጊያ ጎማ አይደለም፣ እንደ ፒስተን ፋሻ ያለ የብረት ቀለበት ነው። ዘይት ወደ ቱርቦው በግፊት ይገባል፣ ሲወጣ ግን በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። የመውረጃው ቱቦ ከተጣመመ፣ መሐል ላይ ከረገበ፣ ወይም ኮፓው ውስጥ ካለው የዘይት ከፍታ በታች ከገባ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ይጠራቀምና በቀለበቶቹ አልፎ ጭስ ማውጫ ውስጥ ይነዳል። ሰማያዊ ጭስ ይሆናል። ኮፓው ውስጥ ግፊት ሲኖርም ውጤቱ አንድ ነው። አዲስ ቱርቦ ገጥሞ በሳምንቱ ሰማያዊ የሚያጨስ መኪና ካያችሁ ቱርቦውን ከመራገማችሁ በፊት መውረጃውን እዩ።

ስለ ጭስ ካነሳን፦ ጥቁር ማለት ከአየሩ ነዳጁ በዝቷል ማለት ነው፣ ወይ ነዳጅ ለመጨመር የተገጠመው ቺፕ አብዝቷል ወይ የቱርቦው አየር ከኢንተርኩለሩ ቧንቧ ያመልጣል። ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ሲነሳ ብቻ፣ ወይም ረጅም ቁልቁለት ወርዳችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ቡፍ የሚል ሰማያዊ የቫልቮላ ሲል ነው። ነዳጅ እስከተሰጠ ድረስ የማይቋረጥ ሰማያዊ ደግሞ ፋሻ ያስጠረጥራል። ነጭ ሆኖ ጣፈጥ የሚል ሽታ ያለው የራዲያተር ውሃ ነው። በብርዳማ ጠዋት ወጥቶ ወዲያው የሚጠፋው ነጭ እንፋሎት ነው፣ ተዉት።

አሁን ወደ ጭስ ማውጫው። ምልክቱ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ነው፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ይጮሃል፣ ብረቱ ሲሞቅና ሲለጠጥ ቀዳዳው ይጠብና ድምፁ ይቀንሳል። ሰው ቫልቮላ ነው ብሎ ሽፋኑን ይከፍታል። ክፍት የላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮ አጠገብ ያዙ፣ ሌላውን በማኒፎልዱ (ከሲሊንደሮቹ ጭሱን የሚሰበስበው ብረት) ዳር ዳር ከጋለው ብረት አርቃችሁ አዙሩት፣ የሚያፈሰው ጋ ሲደርስ ድምፁ ይለያል። የጥላሸት ጭረትም ይጠቁማል። የማኒፎልድ ቡሎን ሲሰበር ብዙ ጊዜ ዳርና ዳር ያሉት ናቸው፣ ምክንያቱም ማኒፎልዱ ሲሞቅ ርዝመቱን ተከትሎ ስለሚለጠጥ ጫፉ ላይ ያለው ነው ብዙ የሚጎተተው።

በጣም የምወደው ሙከራ ግን ሞተር አያስነሳም። ሁሉም ነገር እንደቀዘቀዘ አቧራ መጥረጊያ ማሽን ወደሚነፋበት ገልብጣችሁ ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ በጨርቅ አጥብቃችሁ ግጠሙት። ከዚያ መገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ንፉ። አረፋ የሠራበት ቦታ ነው የሚያፈሰው።

ብየዳው በዛው ቦታ ደጋግሞ የሚሰነጠቅ ከሆነ እንደገና መበየድ ገንዘብ ማባከን ነው። ሞተር ነዳጅ ሲሰጠው ወደ ጎን ይወዛወዛል። ቧንቧው ሻንሲው ላይ ድርቅ ተደርጎ ታስሮ መሐል ላይ ተጣጣፊ ክፍል ከሌለው፣ ወይም የሞተሩ ማረፊያ ጎማ ከሞተ፣ ውዝዋዜው ሁሉ ብየዳው ላይ ያርፋል። ተጣጣፊው ራሱም ጉድ አለው፦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ተጨማድዶ መንገዱን ሊዘጋ ይችላል። መኪናው ከሰነፈ በኦክስጅን ሴንሰሩ (ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው) ቀዳዳ የግፊት ጌጅ ግጠሙ። በተለመደው መመዘኛ በሚኒሞ ከ0.1 ባር፣ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ከ0.2 ባር አካባቢ ካለፈ የሆነ ቦታ ተዘግቷል። ቤንዚን ሞተር ላይ ደግሞ ከሴንሰሩ በፊት የሚያፈስ ቀዳዳ የውጭ አየር ስለሚስብ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ያነሰ መስሎት ይጨምራል። ሴንሰር መቀየር መፍትሔ አይሆንም።

ከጋቢናው ስር የሚያፈስ ጭስ ካለ ግን ለነገ አይባልም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥም ሞተር አስነስታችሁ አትፈትሹ።

የቴስታታ ጓርኒሲዮንን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና አካል መሐል ያለውን ማሸጊያ፣ ነገር በአጭሩ ልበል። ግፊቱ የተጨመረ ሞተር ሚኒሞ ላይ ሰላም ሆኖ ዳገት ላይ ብቻ ውሃ ሊተፋ ይችላል፣ ቴስታታው ከፍ የሚለው ጫና ሲበዛበት ነውና። በቀዝቃዛ ሞተር ከተነሳ አንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የራዲያተሩ ጎማ ድንጋይ ከሆነ ውሃው ገና አልሞቀም፣ ስለዚህ ግፊቱ የመጣው ከሲሊንደር ነው። ሰማያዊውን የጋዝ መመርመሪያ ፈሳሽ ተጠቀሙ፣ ወደ ቢጫ ወይም ወደ አረንጓዴ ከተቀየረ አለቀ። የዘይት ክዳን ስር ቡና በወተት የመሰለ ነገር ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፣ አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ መኪናም ያመጣዋል።

ግፊቱ ተስተካክሎ ሲል የምትገጥሙ ከሆነ መጀመሪያ ሲሉ የሚያርፍበትን ዘንግ በጥፍር ዳብሱት። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲሱ ሲል በዛው ያፈሳል፣ ወይ የጥገና ቀለበት ይደረግበታል ወይ ሲሉ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይገባል። ጥቁሩ የጎማ ሲል ከንፈሩ ዘይት ይቀባል። የቴፍሎኑ ግን በደረቁ ነው የሚገባው፣ ዘይት ከነካው አይዝም። ጭስ ማውጫው ላይ ያጠበቃችኋቸውን ቡሎኖች ደግሞ አንዴ ነድታችሁ ከቀዘቀዘ በኋላ መልሳችሁ አጥብቁ፣ ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ላላ ማለታቸው አይቀርም።