የፕሮቲንና የቫይረስን ቅርጽ ለተማሪዎች እንዴት ማስተማር ይቻላል?

ስለ ፕሮቲን ቅርጽ የሚሰጥ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአራት ትርጓሜዎች ነው፦ አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ ሦስተኛ ደረጃ፣ አራተኛ ደረጃ። ተማሪው ይሸመድደዋል፣ ለፈተና ይጽፈዋል፣ ፕሮቲኑ ለምን ያንን ቅርጽ እንደያዘ ግን ሳይጠይቅ ያልፋል። እኔ የማምነው በተገላቢጦሹ ነው፤ መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ ቅርጹ፣ ስሙ በመጨረሻ። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ለሁለተኛ ደረጃና ለዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ተማሪዎች የሚሆኑ ሲሆኑ፣ ተረጋግተው ከሄዱ አራት ወይም አምስት ክፍለ ጊዜ ይወስዳሉ።

1. አንድ ሞለኪውል ይምረጡና ከእሱ ጋር ይቆዩ

አምስት ፕሮቲን ላይ ላዩን ከማሳየት አንዱን ከውስጥ እስከ ውጭ ማሳወቅ ይሻላል። ምርጫው ለእኔ ሄሞግሎቢን ነው። ሥራው ለማንም ግልጽ ነው፤ ኦክስጅን ከሳንባ ተቀብሎ ለሰውነት ያደርሳል። አራት ሰንሰለቶች አሉት፤ ሁለቱ አልፋ፣ ሁለቱ ቤታ ይባላሉ። እያንዳንዱ ሰንሰለት ሂም የሚባል ጠፍጣፋ ክፍል ይዟል፤ በሂሙ መሐል አንድ የብረት አቶም አለ፤ ኦክስጅኑ የሚያዘው እዚያ ላይ ነው። ሰንሰለቱ ከተቀጣጠለባቸው ትናንሽ ክፍሎች፣ ማለትም ከአሚኖ አሲዶቹ፣ አንዱ ብቻ ሲለወጥ የሚመጣ የታወቀ በሽታም አለው፤ እሱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ምስል አያሳዩ። “ኦክስጅንን አጥብቆ የሚይዝ፣ ግን በሚፈለግበት ቦታ የሚለቅ ዕቃ ሥሩ ብትባሉ ምን ይኑረው ትላላችሁ?” ብለው ይጠይቁና መልሳቸውን በሥዕል ያስቀምጡ። ሥዕሉን ሰብስበው ይያዙት፤ በአምስተኛው እርምጃ ያስፈልግዎታል።

2. መጠኑን በሚሊዮን ያባዙት

ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው ማለት ብቻውን ለተማሪ ብዙም አይነግረውም። ሁሉንም በሚሊዮን ሲያባዙት ግን ናኖሜትሩ ሚሊሜትር ይሆንና ነገሩ ከእጅ ይገባል። በዚህ ልኬት ሄሞግሎቢን 6 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። የዲኤንኤ ውፍረት 2 ሚሊሜትር፣ የፖሊዮ ቫይረስ 3 ሳንቲሜትር፣ የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ደግሞ 30 ሳንቲሜትር የሚረዝም ዘንግ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ግን ከ7 እስከ 8 ሜትር ስፋት ይኖረዋል። እሱን በወለሉ ወይም በግቢው ላይ በጠመኔ ያስከብቡ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ዶቃ መሐሉ ላይ ያስቀምጡና አንድ ሕዋስ እንደ እሷ ያለ 270 ሚሊዮን ያህል ሄሞግሎቢን እንደሚይዝ ይንገሯቸው።

እዚሁ ላይ “ለምን በማይክሮስኮፕ አናየውም?” የሚል ተማሪ አይጠፋም። የምናየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው፤ በእኛ ልኬት ከ40 እስከ 70 ሳንቲሜትር። እንዲህ ያለ ሰፊ ሞገድ ባለ 6 ሚሊሜትሯን ዶቃ ለይቶ ሊያሳይ አይችልም። ሳይንቲስቶች ወደ ኤክስሬይና ወደ ኤሌክትሮን የሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። ማክስ ፔሩትዝ የሄሞግሎቢንን ቅርጽ በኤክስሬይ ለማውጣት ከ20 ዓመት በላይ ደክሞበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ከጆን ኬንድሩ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን አግኝቷል።

3. ሰንሰለቱን በእጃቸው ያሳጥፉ

ይህን እርምጃ አያሳጥሩት፤ የትምህርቱ ልብ እዚህ ነው። ለየቡድኑ አንድ ሜትር ያህል በቀላሉ የሚታጠፍ ሽቦና 15 ዶቃ ይስጡ፦ ውሃ የሚሸሹ 6 ቢጫ፣ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው 2 ሰማያዊ፣ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸው 2 ቀይ፣ ሲስቲን የተባለውን አሚኖ አሲድ የሚወክሉ 2 አረንጓዴ፣ ውሃ የሚወዱ ቻርጅ አልባ 3 ነጭ። ዶቃዎቹን እርስዎ በጻፉት ቅደም ተከተል፣ በእኩል ርቀት ሽቦው ላይ ያስሩ። ዶቃ ከሌለ ባለ ቀለም ቴፕ ይበቃል።

ቀጥሎ ሦስት ሕጎችን ብቻ ይስጡ። ቢጫዎቹ ከውሃ ሸሽተው መሐል ይሰብሰቡ። ቀይና ሰማያዊ ከላይ ሆነው ይጠጋጉ። ሁለቱ አረንጓዴዎች ይነካኩ። ተማሪዎቹ ሽቦውን ሲያጥፉ አንዱን ሕግ ሲያሟሉ ሌላው ይፈርስባቸዋል፤ ይታገሉ፣ አይርዷቸው። ፕሮቲን የሚታጠፈው እርስ በርስ በሚጋፉ ፍላጎቶች መካከል መሆኑን የሚረዱት በዚህ ትግል ነው።

ሲጨርሱ የየቡድኑ ቅርጽ ይለያያል። ታዲያ በሰውነታችን ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ሁሉ እንዴት አንድ ዓይነት ሆነ? በ15 ዶቃ ሕጎቹን የሚያሟሉ ብዙ አስተጣጠፎች አሉ፤ የቤታ ሰንሰለት ግን 146 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ከሌላው ሁሉ የተሻለ የተረጋጋውን ቅርጽ የሚወስነውም የእነሱ ቅደም ተከተል ነው። ክርስቲያን አንፊንሰን 124 አሚኖ አሲድ ያለውን ራይቦኑክሊዬዝ በኬሚካል ፈትቶ ኬሚካሉን ሲያስወግድ ፕሮቲኑ በራሱ ተመልሶ ታጥፎ ሥራውን ጀመረ። ይህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1972 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል።

አሁን ወደ በሽታው። ከታጠፈው ሽቦ ውጫዊ ገጽ ላይ አንዱን ቀይ ዶቃ አውጥተው በቢጫ እንዲተኩ ይዘዙ። “ይህ ውሃ የሚሸሽ ዶቃ አሁን የት መሄድ ይፈልጋል?” ወደ ውስጥ መግባት አይችልም፤ ያለው ምርጫ ከጎረቤቱ ሞለኪውል ጋር መጣበቅ ነው። ሲክል ሴል በሚባለው በሽታ የሚሆነው ይኸው ነው፦ በቤታ ሰንሰለት ስድስተኛ ቦታ ላይ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው ግሉታሜት ውሃ በሚሸሸው ቫሊን ይተካል። ኦክስጅን ሲለቀቅ ሄሞግሎቢኖቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ረጃጅም ዘንግ ይሠራሉ፤ ዘንጉም ሕዋሱን ያጣምመዋል። ሁለት ቡድኖች ሽቦዎቻቸውን በቢጫዎቹ በኩል አጣብቀው እንዲያሳዩ ያድርጉ።

4. አሁን ስሞቹን ይስጡ

የዶቃዎቹ ቅደም ተከተል አንደኛ ደረጃ፣ በየቦታው የሚታየው ጥምዝና ዘርጋ ያለ ንጣፍ ሁለተኛ ደረጃ፣ የአንድ ሽቦ ሙሉ አስተጣጠፍ ሦስተኛ ደረጃ፣ የአራቱ ሰንሰለቶች ጥምረት አራተኛ ደረጃ። አልፋ ጥምዝ በአንድ ዙር 3.6 አሚኖ አሲድ እንዳለው ቢጨምሩ ይበቃል። ነገሩን አስቀድመው ስለነኩት ስሙ አይከብዳቸውም።

5. ወደ ስክሪን ይግቡ

የፕሮቲን ዳታ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲመሠረት የሰባት ሞለኪውሎችን ቅርጽ ብቻ የያዘ ነበር፤ ዛሬ ከ200 ሺህ በላይ ይዟል፣ ለማንም ክፍት ነው። በውስጡ ያለው ሞልስታር የተባለ ማሳያ ምንም ሳይጫን በብራውዘር ይሠራል። ኢንተርኔት ከሌለ ምስሎቹን ከተለያየ አቅጣጫ አስቀድመው ያትሙ።

ኦክስጅን የሌለበትን ሄሞግሎቢን ይክፈቱ። ተማሪው ዝም ብሎ ካሽከረከረው መዝናኛ ይሆናል፤ ስለዚህ ጥያቄ በጥያቄ ይምሩት። በየሰንሰለቱ ቀለም ስጡና ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። ሂሞቹን ፈልጉ፤ ብረቱ የት ነው? የቤታ ስድስተኛው አሚኖ አሲድ ውስጥ ነው ወይስ ላይ? ቀጥሎ ከጥብጣብ ማሳያው ወደ ሙሉ አቶም ማሳያ ይለውጡ። ባዶ የመሰለው ሁሉ ጥቅጥቅ ብሎ ሲሞላ ተማሪዎች ይደነቃሉ። በመጨረሻ ኦክስጅን የያዘውን ከጎኑ ይክፈቱና ልዩነቱን ያስፈልጉ፤ ሰንሰለቶቹ ቦታ ቀይረዋል። የመጀመሪያ ቀን ሥዕላቸውን የሚመልሱላቸው አሁን ነው፤ ምን እንደገመቱ፣ ምን እንዳመለጣቸው ራሳቸው ይጻፉ።

ሁለት ነገር ሳይናገሩ አይለፉ። አንደኛ፣ ቀለሞቹ ስምምነት ናቸው፤ ኦክስጅን ቀይ፣ ናይትሮጅን ሰማያዊ የሚሆነው በሥዕል ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ አልፋፎልድ (ከአሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ተነሥቶ የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብይ የኮምፒውተር ፕሮግራም) የሚያወጣቸው ቅርጾች ግምት ናቸው። ብዙዎቹ አስተማማኝ ቢሆኑም፣ በጥቁር ሰማያዊ የተቀባው ክፍል ከፍ ያለ እምነት የሚጣልበት፣ ብርቱካናማው ደግሞ ሊታመን የማይገባው ነው። ተማሪ ምስልን ሁሉ እንደ ፎቶ እንዳይቆጥር ይህን ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት።

6. ቫይረሱን ከወረቀት ይሥሩ

በሒሳብ ይጀምሩ። የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ 2,130 ያህል ፕሮቲኖች የሸፈኑት ነው፤ እያንዳንዱ 158 አሚኖ አሲድ አለው። አንድ አሚኖ አሲድ ለመጻፍ ሦስት ኑክሊዮታይድ (የቫይረሱ መመሪያ የተጻፈበት የአርኤንኤ “ፊደል”) ያስፈልጋል። ሽፋኑ አንድ ትልቅ ፕሮቲን ቢሆን ኖሮ አንድ ሚሊዮን ያህል ኑክሊዮታይድ በጠየቀ ነበር፤ የቫይረሱ አርኤንኤ ግን 6,400 ገደማ ብቻ ነው። መውጫው ግልጽ ነው፦ አንድ ትንሽ ፕሮቲን ጽፎ ደጋግሞ መጠቀም።

አንድ ዓይነት ጡብ ተደጋግሞ ዘንግ እንደሚሠራ ካዩ፣ ክብ የሚመስለውንስ? ጎኖቹ እኩል የሆኑ 20 ጎነ ሦስቶችን በወረቀት ላይ ያስነድፉ፤ 10ሩ መሐል በተርታ፣ 5 ከላይ፣ 5 ከታች። ቆርጠው ሲያጣብቁት አይኮሳሄድሮን ይወጣል፤ 12 ጫፎች አሉት፣ በየጫፉም አምስት ጎነ ሦስቶች ይገናኛሉ። በየጎነ ሦስቱ ሦስት ማዕዘኖች ላይ ነጥብ ያስቀምጡና ይቁጠሩ፤ 60 ይሆናል። በፖሊዮ ቫይረስ ሽፋን ውስጥም አራቱ ፕሮቲኖች እያንዳንዳቸው 60 ቅጂ አላቸው።

ጊዜ ካለ እኩል ጎን ያላቸው ጎነ ስድስቶችና ጎነ አምስቶች ይስጡ። በጎነ ስድስት ብቻ ኳስ ለመዝጋት ይሞክሩ፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ጎነ አምስት ሲገባ መታጠፍ ይጀምራል፤ ለመዝጋት የሚያስፈልጉት በትክክል 12 ናቸው። ኤችአይቪ የሾጠጠ ሽፋን ቢኖረውም 12ቱ ጎነ አምስቶች አሉት፤ በሰፊው ጫፍ 7፣ በጠባቡ 5።

7. መረዳታቸውን በለውጥ ይፈትኑ

“የፕሮቲን አራት ደረጃዎችን ዘርዝር” የሚለውን ተዉት። ይልቅ እንዲህ ይጠይቁ፦ “በፕሮቲኑ መሐል ያለ ውሃ የሚሸሽ አሚኖ አሲድ ኔጋቲቭ ቻርጅ ባለው ቢተካ ምን ይሆናል?” ጥሩ መልስ ቻርጁ በዚያ ደረቅ መሐል እንደማይመቸው፣ አስተጣጠፉ ሊላላ ወይም ሊፈርስ እንደሚችል፣ ከዚያም ሥራው እንደሚጎዳ በቅደም ተከተል ያስረዳል። “ቅርጹ ይቀየራል” ብሎ ለሚያቆም ተማሪ ግማሽ ነጥብ ሰጥተው ወረቀቱን አይዝጉበት፤ “በምን ምክንያት?” ብለው ጽፈው ከሽቦው ጋር ይመልሱለት።