የዓሣ ክብረ ወሰን እንዴት ይሰበራል? ከክሩ እስከ ሚዛኑ

ለክብረ ወሰን የሚበቃ ዓሣ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ውኃው ውስጥ አይደለም፤ ከወጣ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ነው። ጓደኛ "ላግዝህ" ብሎ ዘንጉን ይይዛል፣ ክሩ ተቆርጦ ይጣላል፣ ሚዛኑም ከሦስት ዓመት በፊት የተፈተሸ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀምረው ከደንቡ ነው። መዝገቡን የሚይዘው በ1939 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የስፖርት ዓሣ አጥማጆች ማኅበር፣ በአጭሩ አይጂኤፍኤ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የትኛው መዝገብ ክፍት እንደሆነ ለዩ። አንዳንዱ በሕግ ተዘግቷል። አልፍሬድ ዲን በ1959 ደቡብ አውስትራሊያ ሴዱና አጠገብ የያዘው ነጭ ሻርክ 1,208 ኪሎ ነበር፤ ዛሬ ዝርያው እዚያ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ከእሱ የሚበልጥ ቢገኝም አውጥቶ መመዘን አይቻልም። ሌላውን የዘጋው ልማድ ነው። አልፍሬድ ግላሴል በ1953 ፔሩ ካቦ ብላንኮ የያዘው ጥቁር ማርሊን የተባለ የባሕር ዓሣ 707 ኪሎ መዝኗል። ግዙፍ ማርሊን አሁንም አለ፤ ነገር ግን አብዛኛው አጥማጅ ጀልባው ጎን ድረስ አምጥቶ ይለቀዋል፤ ያልተመዘነ ዓሣ ደግሞ በክብደት መዝገብ ውስጥ አይገባም።

እኛ ዘንድ ነጭ ዓሣ የሚባለው፣ ሌላው ዓለም የናይል ፐርች የሚለው ግን ክፍት ነው ብለን እናምናለን። መዝገቡ ዊልያም ቶት በታኅሣሥ 2000 ግብፅ ውስጥ ናስር ሐይቅ ላይ የያዘው 104.32 ኪሎ ነው። ዝርያው እስከ 200 ኪሎ ሊደርስ እንደሚችል ስለሚታወቅ ተፈጥሮ በሩን አልዘጋችም። ይኸው ዓሣ በአባያና በጫሞ፣ በባሮና በኦሞም ይኖራል። ችግሩ ዕድሜ ነው፦ እንዲህ የሚገዝፈው ለብዙ ዓመታት ከመረብ ያመለጠ ብቻ ነው። በመረብ የወጣ ደግሞ ምንም ያህል ቢከብድ አይቆጠርም፤ መንጠቆ፣ ዘንግና ክሩ የሚጠቀለልበት ሪል ግድ ናቸው።

ትንሽ መብለጥ አይበቃም። ከ11.33 ኪሎ በታች ላለ መዝገብ ቢያንስ 57 ግራም ገደማ፣ ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ ግማሽ በመቶ መብለጥ አለበት። ጃፓናዊው ማናቡ ኩሪታ በ2009 ቢዋ ሐይቅ ላይ የያዘው ትልቅ አፍ ባስ የተባለ ዓሣ፣ ጆርጅ ፔሪ በ1932 በአሜሪካዋ ጆርጂያ ውስጥ ከያዘው በ27 ግራም ያህል ይበልጥ ነበር፤ አልበቃውም፣ ሁለቱ እኩል ተብለው ተመዘገቡ። ኩሪታ ከዚያ በፊት የውሸት መመርመሪያ ሳይቀር አልፏል። ለነጭ ዓሣው ሒሳቡ 104.85 ኪሎ ይመጣል፤ እናንተ 105ን አስቡ።

ጀልባ ላይ ሳላችሁ ለመገመት ርዝመቱንና የወገቡን ዙሪያ በሜትር ገመድ ለኩ። ዙሪያውን በራሱ አባዙ፣ በርዝመቱ አባዙ፣ ለ28,900 አካፍሉ። 180 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 130 ዙሪያ ያለው 105 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ይህ ግምት ዓሣውን ወደ ሚዛን መውሰድ ይገባ እንደሆነ ለመወሰን ብቻ ነው እንጂ ማኅበሩ አይቀበለውም።

የምትገዙት ክር ለውድድር ደረጃ ተብሎ የተሠራ ይሁን። ተራ ክር 24 ኪሎ የሚል ተጽፎበት 30 ላይ ሊበጠስ ይችላል፤ መዝገቡ በክር ጥንካሬ ደረጃም ስለሚከፈል ማኅበሩ ናሙናውን ሲፈትሽ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ያሳልፈዋል። ከ60 ኪሎ ደረጃ በላይ የሆነ ክር ጨርሶ አይመዘገብም። ጨው በሌለው ውኃ ለሚኖር ዓሣ፣ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ወፍራም ክር፣ ሊደሩ፣ ከ1.82 ሜትር አይበልጥም፤ ድርብ ክር (ጫፉ ላይ የታጠፈ ዋና ክር) ከጨመራችሁ ሁለቱ ተደምረው ከ3.04 ሜትር እንዳያልፉ። የነጭ ዓሣ ጥርስ ክር አይቆርጥም፤ ክሩን የሚፍቀው የጉንጩ ሽፋን ስለታም ጠርዝና የናስር ሐይቅ ድንጋይ ነው። ስለዚህ 45 ኪሎ የሚችል ሊደር እሰሩ። ከእያንዳንዱ ትግል በኋላም ሊደሩን በሁለት ጥፍር መካከል ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት፤ እንደ ጨው ከሸከረ የሸከረውን ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ። ሕያው ወይም የሞተ ምግብ ከተጠቀማችሁ ባለሦስት ጫፍ መንጠቆ ክልክል ነው።

የሪሉን ፍሬን በእጅ ስሜት አታስተካክሉ። የክሩን ጫፍ በእጅ ሚዛን አስሩና ዘንጉ ጎብጦ ሳለ ሳቡ፤ ለ24 ኪሎ ክር ከ6 እስከ 8 ኪሎ ላይ ይለቅ። ይህን ያህል የምንቀንሰው ዓሣው ሲሮጥ ጥቅልሉ ስለሚቀጥን ነው። የጥቅልሉ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ያው ፍሬን በእጥፍ ይጎትታል፤ ውኃው ክሩን የሚይዝበት ኃይልም ይጨመራል። ብዙ ትልልቅ ዓሣ የሚያመልጠው በረዥም ሩጫ መጨረሻ ላይ ፍሬን በማጥበቅ ነው። ነጭ ዓሣ ደግሞ ወጥቶ ራሱን ያራግፋል፤ ያኔ ዘንጉን ዝቅ አድርጉ፣ ክሩ ግን አይላላ።

ከነከሰበት ቅጽበት ጀምሮ ዘንጉን፣ ሪሉንና ክሩን ከአጥማጁ ሌላ ማንም አይንካ። ረዳት ሊደሩን መያዝና ዓሣውን ማንሳት የሚችለው ሊደሩ እጁ ሲደርስ ብቻ ነው። ይህን ከመውጣታችሁ በፊት ለጀልባው ሰው በግልጽ ንገሩት፤ በቅን ልብ የተደረገ እርዳታ ነው ብዙ መዝገብ ያበላሸው።

ጀልባ ላይ የተመዘነ አይቆጠርም፤ ሚዛኑ መሬት ላይ ይቁም፣ የተፈተሸበት የምስክር ወረቀትም ከ12 ወር አይበልጠው። የማንጠልጠያውን ገመድ ወይም ጨርቅ ለብቻው መዝናችሁ ቀንሱ። መርፌው በሁለት ምልክቶች መካከል ከቆመ ታችኛው ነው የሚጻፈው። ዓሣ ከውኃ ወጥቶ በቆየ ቁጥር ክብደት ስለሚያጣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት፣ ሆዱንም አትክፈቱ። ሙሉ ዓሣውን፣ አጥማጁን ከዓሣው ጋር፣ ዘንጉንና ሪሉን፣ ሚዛኑንም ፎቶ አንሡ። ከሊደሩ ጋር 15.24 ሜትር ክር ሳይወሳሰብ ካርቶን ላይ ጠቅልሉ፤ ሊደሩን ከክሩ አትፍቱ። የመዘነውና ያየው ሰው ይፈርሙ፣ ማመልከቻውም 60 ቀን ሳይሞላ ይድረስ።

ጫሞ ላይ የምትሞክሩ ከሆነ በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 (ይህኛው ዓመት እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት ፈቃድ አውጡ፤ የሐይቁ ከፊል ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለሆነ የፓርኩንም ጠይቁ። አዞና ጉማሬ ስላለ ዳር ቆሞ ማጥመድ አይሞከርም፤ ትልቅ ዓሣ ለማውጣትም ውኃ ውስጥ አትግቡ።

ዓሣውን መግደል ለማይፈልግ ማኅበሩ ከ2011 ጀምሮ የርዝመት መዝገብ አለው፤ እኛም የምንመክረው ይህንን ነው፣ ትልልቆቹ ብዙ እንቁላል የሚጥሉት እናቶች ናቸውና። መለኪያው የማኅበሩ የራሱ መሆን ስላለበት አስቀድማችሁ ግዙ። ሰሌዳውን አርጥቡ፣ አፉን ዝጉና አፍንጫውን ከመነሻው ጋር አስነኩ፣ ቁጥሩ በጉልህ እንዲታይ ፎቶ አንሡ። ከዚያ ሆዱንና ጅራቱን ደግፋችሁ ከጀልባው ጎን ውኃ ውስጥ ያዙት፤ ጅራቱ በራሱ ኃይል እጃችሁን እስኪገፋ ድረስ አትልቀቁት።